የሻገተ ፍሬና እህል፦ የትኛው ይጣላል? የትኛውን ማትረፍ ይቻላል?

ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ምርት ከተሰበሰበ በኋላ መበላሸቱ ለማንኛውም ቤተሰብ ከባድ ነው። በቅርጫት ያለ ኮክ በሦስት ቀን ውስጥ ቡኒ ሆኖ ይበሰብሳል። በጎተራ የገባ ገብስ ከወራት በኋላ ሲከፈት ይሸታል። መሶብ ውስጥ የቀረ እንጀራ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል። በዚህ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የተበላሸውን አንስተን ቀሪውን ብንበላው ምን ይሆናል?»

መልሱ እንደ ምግቡ ዓይነትና እንደ ሻጋታው ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ሻጋታ ከአጨዳና ከለቀማ በኋላ በፍራፍሬና በእህል ላይ እንዴት እንደሚበቅል፣ በጤና ላይ ምን እንደሚያስከትል፣ እንዴት መከላከል እንደሚቻልና መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው እንደ ዲክሲስ ካሉ ስንዴና ገብስ አብቃይ የአርሲ ደጋማ አካባቢዎች የተወሰዱ ናቸው። ምክሩ ግን ለከተማ ነዋሪም ይሠራል።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ በዓይን የማይታዩ ዘሮችን የሚበትን የፈንገስ ዓይነት ነው። ዘሮቹ በአየር፣ በአፈር፣ በቅርጫት፣ በጆንያና በእጃችን ላይ ይገኛሉ። እርጥበት፣ ተስማሚ ሙቀትና የሚመገበው ነገር ሲያገኝ ይበቅላል። በዓይናችን የምናየው አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር ወይም ግራጫ ጸጉር መሰል ነገር የፈንገሱ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። እንደ ሥር ያለው ክሩ ወደ ምግቡ ውስጥ ጠልቆ ይገባል።

ሁሉም ሻጋታ መርዛማ አይደለም። አንዳንዶቹ ግን ሲያድጉ ወደ ምግቡ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም ላይኖረው ይችላል። ሻጋታው ተጠርጎ ከወጣ በኋላም ሊቀር ይችላል። ብዙዎቹ የሻጋታ መርዞች በተለመደው ማብሰል፣ መጋገር ወይም መቁላት አይጠፉም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ምግቡ የጸዳ ቢመስልም ላይጸዳ ይችላል።

ኮክና ፕሪም ለምን ቶሎ ይበሰብሳሉ?

ኮክ፣ ፕሪምና ማንጎ መካከላቸው ላይ አንድ ጠንካራ ፍሬ ያላቸው፣ ቆዳቸው ስስ፣ ሥጋቸው ውሃና ስኳር የበዛበት ፍራፍሬዎች ናቸው። ለእኛ የሚጣፍጠው ነገር ለፈንገስም ይጣፍጠዋል።

ኮክና ፕሪምን በብዛት የሚያጠፋው ሞኒሊኒያ የተባለ ፈንገስ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ቡኒ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ በአንድና በሁለት ቀን ፍሬውን ያዳርሳል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ግራጫማ ዱቄት ይወጣል። ይህ ፈንገስ ብዙ ጊዜ ዛፉ ላይ እያለ ወደ ፍሬው ይገባና ፍሬው እስኪበስል ድረስ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ሲለቀም ደህና የነበረ ፍሬ ቤት ከገባ በኋላ ቢበሰብስ አያስገርምም።

ሌሎቹ ሻጋታዎች በአብዛኛው የሚገቡት በቁስል በኩል ነው። ሲለቀም የተጨፈለቀ፣ መሬት ላይ የወደቀ፣ ወፍ ወይም ነፍሳት የነካው ፍሬ በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ያለው ፔኒሲሊየም ነው። ይህ ሻጋታ ፓቱሊን የተባለ መርዝ ያመነጫል። ፓቱሊን በዋናነት የሚታወቀው በበሰበሰ አፕል ቢሆንም በኮክና በፕሪምም ይገኛል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአፕል ጭማቂ ውስጥ የሚፈቅደው በኪሎ ግራም እስከ 50 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የበሰበሰ ፍሬ ለጭማቂ መዋል የለበትም የሚባለውም ለዚህ ነው።

አንድ የበሰበሰ ፍሬ አጠገቡ ያለውን ያበላሻል የሚባለውም እውነት ነው። ፈንገሱ በንክኪ ይተላለፋል፤ የሚበስለው ፍሬ የሚያወጣው ጋዝም የሌሎቹን መብሰል ያፋጥናል።

ቆርጦ መብላት ይቻላል?

ለውሳኔ የሚረዱ ቀላል መመሪያዎች እነሆ፦

• ለስላሳና ውሃማ ፍሬ (ኮክ፣ ፕሪም፣ ማንጎ፣ ቲማቲም፣ እንጆሪ)፦ ሻጋታ ከታየበት ሙሉ ፍሬው ይጣል። የፈንገሱ ክርና መርዙ በለስላሳ ሥጋ ውስጥ በቀላሉ ይሰራጫል።

• የተጨፈለቀ ነገር ግን ሻጋታም መጥፎ ሽታም የሌለው ፍሬ፦ የተጎዳውን ክፍል በሰፊው ቆርጠው ቀሪውን በዚያው ዕለት መብላት ይቻላል። አያሳድሩት።

• ጠንካራ አትክልት (ካሮት፣ ጥቅል ጎመን)፦ ትንሽ ሻጋታ ከሆነ ከዙሪያውም ከሥሩም ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቆርጦ በመጣል ቀሪውን መጠቀም ይቻላል። ቢላዋው ሻጋታውን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

• እንጀራና ዳቦ፦ ነጠብጣቡን ፍቆ መብላት አይመከርም። የሻገተ እንጀራ ፍርፍር ተደርጎ ቢበስል ወይም በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ቢሆን መርዙ አይለቀውም። ድርቆሽ መሥራት ካሰቡ እንጀራው ሳይሻግት ያድርቁት።

• ኦቾሎኒና በርበሬ፦ የሻገተ፣ የጠቆረ፣ የተጨማደደ ወይም የሚመር ኦቾሎኒ ይጣል። እርጥበት ነክቶት የሻገተ በርበሬ ታጥቦና ተፈጭቶ አይድንም።

የእህል ሻጋታ፦ በጎተራ የሚደበቀው ችግር

የበሰበሰ ኮክ ራሱን ያጋልጣል፤ ሰው አይቶ ይጥለዋል። የእህል ሻጋታ ግን ዱቄት ከሆነ በኋላ አይታይም። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ስለሚበላም ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ከሻጋታ መርዞች በይበልጥ የተጠናው አፍላቶክሲን ነው። የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ በልተው ከሞቱ በኋላ ነው። አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት ሰው አፍላቶክሲን ሲጨመርበት ለጉበት ካንሰር ያለው ተጋላጭነት እስከ 30 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በአገራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ ስለሚገኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርዙ በአንድ ጊዜ በብዛት ከተወሰደ ደግሞ በአጭር ጊዜ ይገድላል። በ2004 እ.ኤ.አ. በጎረቤት ኬንያ እርጥበት ላይ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

አፍላቶክሲን የሚያመነጨው ሻጋታ ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ ከደጋ ይልቅ በቆላ የሚመረቱ በቆሎ፣ ኦቾሎኒና በርበሬ ይበልጥ ይጠቃሉ። ይህ ማለት ግን ደጋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። በቀዝቃዛና እርጥብ አየር የሚያድጉ ሌሎች ሻጋታዎች አሉ። ፉዛሪየም የተባለው ስንዴና ገብስ ሲያብብ ዝናብ ከበዛ እሸቱን ያጠቃል፤ መርዙ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። በጎተራ የሚያድጉ አንዳንድ የፔኒሲሊየም ዓይነቶች ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ።

የሻገተውን እህል ለከብት መስጠትም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ላም በሻጋታ የተበከለ መኖ ከበላች መርዙ በተለወጠ መልኩ ወደ ወተቷ ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና ዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ይህን የአፍላቶክሲን ዓይነት አግኝቷል። በመኖው በኩል በተለይ የኑግ ፋጉሎ ተጠቃሽ ነበር። ወተቱን የሚጠጣው ሕፃኑ ነው።

አርሲ የምታውቀው በሽታ፦ ኤርጎት

በአርሲ የፈንገስ መርዝ ጉዳይ ከመጽሐፍ የተገኘ ወሬ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በዞኑ በኤርጎት የተበከለ ገብስ በበሉ ሰዎች ላይ እግርን የሚያበሰብስ በሽታ ተከስቶ ነበር፤ በቤተ ሙከራ የተደረገው ምርመራም በእህሉ ውስጥ የኤርጎት መርዝ መኖሩን አሳይቷል። ከዚያ በፊት በ1977 እና 1978 እ.ኤ.አ. በወሎ ተመሳሳይ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ሰው ሞቷል። የወሎው መነሻ በገብስ ማሳ ውስጥ የበቀለና በኤርጎት የተያዘ ሲናር ነበር።

ኤርጎት ከሌሎቹ የሚለየው የሚጀምረው በጎተራ ሳይሆን በማሳ ላይ በመሆኑ ነው። ፈንገሱ በአበባው በኩል ገብቶ በፍሬው ቦታ ወይን ጠጅ የሚመስል ጥቁር፣ ረዘም ያለና ጠንካራ ነገር ያበቅላል። መልኩ የአይጥ ኩስ ይመስላል። በውቂያ ሲሰባበርና ሲፈጭ ግን ከዱቄቱ ጋር ስለሚቀላቀል መለየት አይቻልም። ስለዚህ ቁልፉ ሥራ ከመፈጨቱ በፊት የሚደረገው ለቀማና ማበጠር ነው።

መርዙ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ምልክቶቹም፦

• በእጅና በእግር ጣቶች ላይ መደንዘዝ፣ መንዘር፣ የማቃጠል ስሜት
• እግር መቀዝቀዝ፣ መገርጣት፣ ከዚያም መጥቆርና መበስበስ
• ከባድ የእግር ሕመም፣ በተለይ ሲራመዱ
• ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት
• አንዳንድ ጊዜ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መዛባት
• በነፍሰ ጡር ላይ ውርጃ፣ በምታጠባ እናት ላይ የወተት መድረቅ

በአንድ ቤት ወይም በአንድ መንደር ብዙ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ምልክት ካሳዩ ነገሩን እንደ እርግማን ወይም እንደ ድግምት ማየት ሕይወት ያስከፍላል። የተጠረጠረውን እህል መብላት በዚያው ሰዓት ያቁሙ፤ ታማሚዎቹን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱ። የደነዘዘ እግርን እሳት ዳር ማሞቅ፣ አጥብቆ ማሰር ወይም መብጣት አይገባም። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማም፤ የታሰረ እግር ደግሞ የቀረችውን ደም ያጣል። ጣቶቹ ሳይጠቁሩ የደረሰ ሰው እግሩን የማዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች አንድ ማስታወሻ እንጨምር። ከኤርጎት የሚሠራው ኤርጎታሚን ለሚግሬን ራስ ምታት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ሪቶናቪር ካለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጋር ወይም እንደ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮች ጋር አብሮ ሲወሰድ በትክክለኛ መጠኑም ቢሆን ይህንኑ የደም ሥር መጥበብ ሊያመጣ ይችላል። የራስ ምታት ክኒን ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለባለሙያው ይንገሩ።

እንዴት እንከላከል?

ለኮክ፣ ለፕሪምና ለመሳሰሉት፦

1. ጠዋት በቀዝቃዛው፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ በእጅ ይልቀሙ። ዛፍ አራግፎ መሬት ላይ ማውደቅ ፍሬውን ያቆስላል።
2. የወደቀውን፣ የተቀደደውንና ወፍ የነካውን ከደህናው ጋር አይቀላቅሉ።
3. ቅርጫቱ ወይም ሣጥኑ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ብዙ ፍሬ መደራረብ የታችኛውን ይጨፈልቃል።
4. ለማስቀመጥ ብለው አይጠቡ። እርጥበት ሻጋታን ያስነሳል። የሚጠቡት ሊበሉት ሲሉ ነው።
5. በጥላ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ በአንድ ደርብ ይዘርጉ። በየቀኑ እያዩ የተበላሸውን ያውጡ።
6. ማቀዝቀዣ ካለ የበሰለውን ያስገቡ። ቅዝቃዜ ፈንገሱን ያዘገያል እንጂ አይገድለውም።
7. ዛፍ ላይ ደርቀው የቀሩትን የተኮማተሩ ፍሬዎች አውርደው ይቅበሩ። የሚቀጥለው ዓመት በሽታ የሚነሳው ከእነሱ ነው።

በማሳ ላይ የሚረጭ የፈንገስ ወይም የተባይ መድኃኒት በተለቀመ ፍሬ ላይ በቤት ውስጥ አይርጩ። ከሻጋታው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ለእህል፦

1. የታጨደውን ክምር ከዝናብ ይጠብቁ። ዝናብ የመታውን ለብቻ ያድርቁ፤ ከደረቀው ጋር አይደባልቁ። በኮምባይነር የታጨደም ቢሆን ሳይደርቅ ወደ ጆንያ አይግባ።
2. እህሉን በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በምንጣፍ ላይ አስጥተው ያድርቁ። ለማከማቸት የሚፈለገው የእርጥበት መጠን ከ13 በመቶ ያልበለጠ ነው።
3. መለኪያ ከሌለ የጨው ሙከራ ይጠቀሙ። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን በእህል ይሙሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ይክደኑና ደህና አድርገው ይነቅንቁ። ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተጣበቀ ደርቋል።
4. ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ እርጥበት ስለሚስብ ለሻጋታ ያጋልጣል።
5. ነቀዝ እህሉን ሲበሳና ሲያሞቅ ለሻጋታ መንገድ ይከፍታል። ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለው አየር የማያስገባ ከረጢት (ፒክስ) ነቀዙን ያለ ኬሚካል ያፍነዋል። ወደዚህ ከረጢት የሚገባው እህል ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት።
6. ከመፈጨቱ በፊት ያበጥሩ፣ ይልቀሙ። ጥቁር የኤርጎት ፍሬ፣ የተኮማተረ፣ ሮዝማ ወይም የሻገተ እህል ይውጣ። ጥቁሩ ፍሬ ብዙ ከሆነ እህሉን አይብሉት፤ የግብርና ባለሙያ ያማክሩ።
7. የሻገተ እህል ሲያበጥሩ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ብናኙ አስም ይቀሰቅሳል፤ ሳንባንም ይጎዳል።

ስለ ነቀዝ ክኒን ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ለእህል ማጠኛ የሚሸጠው ክኒን (አሉሚኒየም ፎስፋይድ) እርጥበት ሲነካው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙበት። ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቆለፍ።

የተሳሳቱ አስተሳሰቦች

«ለጠላ ወይም ለአረቄ ይሁን።» እንደ አፍላቶክሲን ያሉ መርዞች በመጥመቅ አይጠፉም። የሻገተ እህል ለጠላ ሲውል መርዙ ወደ መጠጡ ሊገባ ይችላል።

«ፔኒሲሊን የተሠራው ከሻጋታ ስለሆነ ሻጋታ መድኃኒት ነው።» ፔኒሲሊን ከአንድ የተመረጠ የሻጋታ ዓይነት ተጣርቶና ተመጥኖ የሚዘጋጅ ነው። እንጀራ ላይ የበቀለው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

«አያቶቻችን በልተውት ምንም አልሆኑም።» አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳው በዓመታት ውስጥ ነው። ጉበቱ የታመመው ሰው ምክንያቱ የእህሉ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባቸው እነማን ናቸው?

ሕፃናት (በተለይ ተጨማሪ ምግብ የጀመሩ)፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የጉበትና የኩላሊት ሕሙማን፣ ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው፣ የስኳር ሕመማቸው ያልተቆጣጠረ፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች። ቤት ውስጥ ያለው እህል ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ከሁሉ የጸዳው ለልጅ ገንፎና ለነፍሰ ጡሯ ይመደብ። ሄፓታይተስ ቢ በክትባት መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑንም አይርሱ።

መቼ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ?

ሳያውቁ ትንሽ የሻገተ ፍሬ ወይም እንጀራ ጎርሰው ከሆነ በአብዛኛው ምንም አይሆኑም። አይደንግጡ፤ ለማስታወክም አይሞክሩ። ከዚህ በታች ያሉት ከታዩ ግን አይዘግዩ፦

• የማይቆም ትውከት ወይም ተቅማጥ፣ ፈሳሽ መያዝ አለመቻል
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ የሆድ መነፋት፣ የሽንት መጥቆር
• የጣቶች መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ ወይም መጥቆር
• መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት
• የመተንፈስ ችግር
• ከአንድ ማዕድ የበሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመም

ሲሄዱ ከተበላው እህል ወይም ዱቄት ጥቂት በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ምን እንደበሉ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ሌላ የታመመ ሰው ወይም ከብት መኖሩን ይንገሩ። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ያሳውቁ፤ የእርስዎ ጥቆማ የጎረቤትን ቤተሰብ ሊያድን ይችላል። በዲክሲስና አካባቢው የሚገኝ ታካሚ የእግሩ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ በጤና ጣቢያ በኩል በአስቸኳይ ወደ አሰላ ሪፈራልና ቲቺንግ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

«ጣሉት» ማለት ለሐኪም ቀላል ነው፤ ለገበሬ ግን የዓመት ቀለብ ነው። ለዚህም ነው ከመጣል በፊት ያለው ሥራ የሚበልጠው፦ ሳያቆስሉ መልቀም፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከመሬት አንስቶ ማስቀመጥ፣ እየለዩ ማውጣት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የሻገተ ነገር ከተገኘ አንድ ቅርጫት ኮክ ወይም አንድ ጆንያ ገብስ ማጣት ጉበት ወይም እግር ከማጣት ይሻላል። ጥርጣሬ ካለዎት ለልጅዎ አይስጡት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም።